ኤዱዋርድ ሩፔል

ኤዱዋርድ ሩፔል (ኖቬምበር 20 ቀን 1794 – ዲሴምበር 10 ቀን 1884 እ.ኤ.አ.) በቀይ ባሕር ዓሦችና በኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥናት ስሙ የታወቀ ጀርመናዊ የተፈጥሮ ሳይንስ ተመራማሪና ተጓዥ ነበር። ዋልያን፣ ቀይ ቀበሮንና ጭላዳን በሳይንሳዊ ስም የመዘገበ እሱ ነው። ከዚህ ያነሰ የሚታወቀው የባሕር ሥራው ነው። ዛሬ በቀይ ባሕር ኮራሎች መካከል በስኩባ የሚጠልቁ ሰዎች ለማየት ከሚጓጉላቸው ዓሦች ብዙዎቹ ሳይንሳዊ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ሰው ነው፤ እሱ ግን በባሕሩ ዳር ያጠናው የመጥለቂያ መሣሪያው ከመፈልሰፉ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የወጣትነት ዘመን

ሩፔል የተወለደው በፍራንክፈርት ከተማ ነው። አባቱ ባለጸጋ የባንክ ሰው ስለነበር ልጁም ነጋዴ እንዲሆን ታስቦ አደገ። ሐሳቡ የተለወጠው በ1817 ግብፅንና የሲናን በረሃ በጎበኘ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ልቡ ከሒሳብ መዝገብ ርቆ ወደ እንስሳት፣ ወደ ዕፅዋትና ወደ ድንጋዮች ዞረ። በዚያው ዓመት በትውልድ ከተማው የዘንከንበርግ የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር ተቋቁሞ ነበርና በ1818 አባል ሆነ። ከዚያም ወደ ጣሊያን አገር ሄዶ በፓቪያና በጄኖቫ የዕፅዋትና የእንስሳት ጥናትን፣ ከዚያም አልፎ የሥነ ፈለክ ልኬትን ተማረ። ይህ የመጨረሻው ለእንስሳት ተመራማሪ ትርፍ ነገር ይመስላል። በረሃ ላይ ሆኖ ያለበትን ቦታ በፀሐይና በከዋክብት ለክቶ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ግን ከጠመንጃ ይልቅ የሚያስፈልግ ዕውቀት ነበር፤ ኋላም በጂኦግራፊ ሊቃውንት ዘንድ ስም ያተረፈለት ይኸው ነው።

ሩፔል ለጉዞዎቹ የራሱን ገንዘብ ያወጣ ነበር። የሰበሰባቸውን እንስሳት ለነጋዴ አልሸጠም፤ ለፍራንክፈርቱ ማኅበር ሰጠ። የማኅበሩ ቤተ መዘክር ገና ሕፃን በነበረበት ዘመን በአውሮፓ እንዲታወቅ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ ስጦታ ነው።

ኮራሉ ከላይ ብቻ ይታይ በነበረበት ጊዜ

የሩፔልን የባሕር ሥራ ለመረዳት በዚያ ዘመን ስለ ቀይ ባሕር ምን ይታወቅ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል። የባሕሩን ዓሦች በሳይንስ መንገድ መመዝገብ የጀመረው ፔተር ፎርስኮል ነው። ፎርስኮል ከዴንማርክ በ1761 ከተላከው የጉዞ ቡድን ጋር መጥቶ ብዙ ዓሦችን ከመዘገበ በኋላ በ1763 የመን ውስጥ በበሽታ ሞተ። ከእሱ በኋላ ቪልሄልም ሄምፕሪሽና ክርስቲያን ኤረንበርግ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ባሕሩን ዞሩ፤ ሄምፕሪሽ በ1825 ምጽዋ ላይ ሞቶ ቀረ፤ ኤረንበርግ ብቻውን ተመልሶ ስለ ኮራሎቹ ጻፈ። ሩፔል ወደ ምጽዋ ሲደርስ ሄምፕሪሽ ከሞተ ገና ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነበር። ወባው፣ የባሕር ዳሩ ሙቀትና የውኃው ችግር በዚያ ዘመን ተመራማሪን ከማንኛውም ሻርክ ይልቅ ይገድሉ ነበር።

ከውኃ በታች ገብቶ ማየትማ የሚታሰብ አልነበረም። በአየር ቱቦ የሚሠራው የብረት ቆብ ገና በሙከራ ላይ ነበር፤ ጠላቂው አየሩን በጀርባው ተሸክሞ እንደ ልብ የሚዋኝበት ስኩባ የተሠራው ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን በ1943 ነው። በቀይ ባሕር በእውነት ይጠልቁ የነበሩት የባሕሩ ሰዎች ነበሩ። በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ዕንቁ ፈላጊዎች ትንፋሻቸውን ይዘው ወደ ታች ይወርዱ ነበር፤ የዳህላክ ዕንቁ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ ንግድ ነው። ኮራሉ መካከል ምን እንደሚኖር ከማንም በፊት በዓይናቸው ያዩት እነሱ ናቸው።

ለተመራማሪው ዓሣው የሚደርሰው በመረብና በመንጠቆ ተይዞ፣ ከጀልባ ወርዶ ነው። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። የኮራል ዓሣ ቀለም ከሞተ በኋላ ብዙ አይቆይም። ቢጫው ይገረጣል፣ ሰማያዊው ይጠፋል፤ አልኮል ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሁሉም ወደ ቡናማነት ያደላል። ስለዚህ ዓሣው ገና ትኩስ ሳለ ቀለሙን መመዝገብ፣ ክንፎቹን መቁጠር፣ ቅርፊቱን መለካት ግድ ነበር፤ ይህም በባሕር ዳር ጠራራ፣ ዝንብ እየከበበ፣ ዓሣው እየሸተተ የሚሠራ ሥራ ነው። ሌላም ልዩነት አለ። የፀሐይ ብርሃን ወደ ውኃ ሲገባ አስቀድሞ የሚጠፋው ቀዩ ስለሆነ ከ10 ሜትር በታች ያለ ቀይ ዓሣ ለጠላቂው ዓይን ደብዛዛ ሆኖ ይታያል። የዘመኑ ተመራማሪ መርከብ ላይ ያየው ቀለምና ዛሬ ጠላቂው በጥልቁ የሚያየው ቀለም ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

የመጀመሪያው ጉዞ

ሩፔል የመጀመሪያውን ትልቅ ጉዞ የጀመረው ሚካኤል ሃይ ከተባለ የቀዶ ጥገና ባለሙያ ጋር ነው። በ1822 የሲናን በረሃ አቋርጠው ወደ አቃባ ባሕረ ሰላጤ ደረሱ፤ በዘመናዊው የአሰሳ ዘመን እዚያ የደረሰ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ተመራማሪ ሩፔል እንደሆነ ይነገርለታል። ከ1823 ጀምሮ በዓባይ ሽቅብ ወደ ኑቢያ ሄደው እስከ 1825 ድረስ ሲሰበስቡ ቆዩ። ቀጥሎ በቀይ ባሕር ወደ ደቡብ ተጉዘው እስከ ምጽዋ ዘለቁ። ሩፔል ያኔውኑ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ለመውጣት ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱም በሕመም ተዳክመው ስለነበር በ1827 ወደ አውሮፓ ተመለሱ። የረዳቱ የሃይ ስም ሃይ ቆቅ በምትባል የበረሃ ወፍ ላይ ቀርቷል።

ከዚህ ጉዞ የተገኙትን አጥቢ እንስሳትና ወፎች ያጠናው የማኅበሩ መሥራች ፊሊፕ ያኮብ ክሬችማር ነው። ዓሦቹን ግን ሩፔል ለማንም አልሰጠም፤ ራሱ አጥንቶ ከ1828 ጀምሮ ስለ ቀይ ባሕር ዓሦች በሥዕል የታጀበ ተከታታይ ጥናት አወጣ።

በዚህ ጥናት ውስጥ ከተመዘገቡት መካከል በቀይ ባሕር የጠለቀ ሰው ሳያየው የማይመለስ አንድ ትንሽ ዓሣ አለ። አምፊፕሪዮን ቢሲንክተስ ይባላል፤ ሩፔል ስም ያወጣለት በ1830 ነው። የላቲኑ ቃል ሁለት መታጠቂያ ያለው ማለት ነው፤ ቢጫማ ብርቱካን በሆነው ገላው ላይ ጥቁር ጠርዝ ያላቸው ሁለት ነጭ ሰንሰለት መሰል ሰንበሮች ስላሉት ነው። ርዝመቱ ከአንድ የእጅ መዳፍ አይበልጥም። የሚኖረው አኔሞን በሚባል አበባ መሰል እንስሳ ክንዶች መካከል ነው። የአኔሞኑ ክንዶች ሌላውን ዓሣ ነድፈው ይገድላሉ፤ ይህን ዓሣ ግን ገላውን የሸፈነው አተላ መሰል ፈሳሽ ያድነዋል። ትንሽ ቢሆንም ቤቱን ሊነካ የመጣን ጠላቂ ጓንት ለመንከስ አይፈራም። ሩፔል በዘመኑ ሊያውቀው ያልቻለው ነገር ደግሞ አለ፤ እነዚህ ዓሦች ሁሉም ሲወለዱ ወንድ ናቸው። ከቡድኑ ትልቋ ሴቷ ናት፤ እሷ ስትሞት ከወንዶቹ ትልቁ ወደ ሴትነት ተለውጦ ቦታዋን ይይዛል። ይህን ማወቅ የተቻለው ሰዎች ውኃው ውስጥ ቁጭ ብለው ዓሣውን ሕያው ሆኖ መከታተል ከጀመሩ በኋላ ነው። በአልኮል የተቀመጠ ናሙና እንዲህ ያለውን ነገር አይናገርም።

ሌሎቹን በአጭሩ መጥቀስ ይበቃል፦ በጅራቱ ሥር ስለት ያለው ናሶ ኤሌጋንስ፣ የቅርንጫፍ ኮራል ውስጥ የሚሸሸገው ዳሲለስ ማርጊናተስ፣ ትልቁ አዳኝ ፕሌክትሮፖመስ አሬኦላተስ። አንደኛው ግን ታሪኩ ከቀይ ባሕር ወጥቷል። ሲጋነስ ሉሪደስ የተባለው ሣር በል ዓሣ በ1869 ከተከፈተው የስዊዝ ቦይ በኋላ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ተሻግሮ ተራብቷል፤ በምሥራቁ የሜዲትራኒያን ክፍል ዓለቱን የባሕር ሣር አልባ እያደረገ ለዓሣ አስጋሪዎችና ለተመራማሪዎች ራስ ምታት ሆኗል።

ከምጽዋ ወደ ጎንደር

ሩፔል ዳግመኛ በ1831 ወደ ምጽዋ መጣ። በዚህ ጊዜ አብሮት የነበረው ቴዎዶር ኤርክል የተባለ ወጣት የእንስሳት ቆዳ አዘጋጅ ነበር። ምጽዋ በቱርኮች ስም ትተዳደር ነበር፤ ከባሕሩ በላይ ያለው ደጋ ደግሞ በዘመነ መሳፍንት ውጊያ ይታመስ ነበር። የትግራዩ ገዥ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በዚያው ዓመት መጀመሪያ በደብረ ዓባይ ጦርነት ተሸንፈው ተገድለዋል፤ የስሜኑ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ኃይላቸው እየገነነ ነበር። መንገዱ እስኪከፈት ሩፔል በባሕሩ ዳርቻ ቆየ። ለተጓዥ የሚያሰለች ቆይታ ነው፤ ለዓሣ ተመራማሪ ግን ስጦታ ነበር።

በ1832 ከነጋዴ ቅፍለት ጋር ወደ ደጋ ወጥቶ ትግራይን አቋረጠና ወደ ስሜን ገባ። ክረምቱን በስሜን አሳለፈ፤ የተራሮቹንም ከፍታ በመሣሪያ ለካ። ዝናቡ ሲያባራ ወደ ጎንደር ወረደ። በዚያ በአንድ ዓመት በጎንደር ዙፋን ላይ ሦስት ነገሥታት ተፈራርቀዋል፤ ሥልጣኑ ግን በመሳፍንቱ እጅ ነበር። ሩፔል ጎንደርን መቀመጫው አድርጎ ወደ ጣናና ወደ ቆላው አገር እየወጣ ሲሰበስብ ከቆየ በኋላ በ1833 በአክሱም በኩል ወደ ባሕሩ ተመለሰ። አክሱም ላይ የግዕዝ የድንጋይ ጽሑፎችን ገልብጧል።

ከኢትዮጵያ ይዞ የወጣው እንስሳ ብቻ አልነበረም። በጎንደር የሰበሰባቸውን የብራና መጻሕፍት፣ ከእነሱም ጋር የነገሥታትን ዜና መዋዕል፣ ለፍራንክፈርት ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ፤ ላዛሩስ ጎልድሽሚት በ1897 ዝርዝራቸውን አሳትሟል። ስለ ጎንደር ዘመን የሚጽፉ የታሪክ ሰዎች እነዚህን ቅጂዎች ደጋግመው ተጠቅመውባቸዋል። መጻሕፍቱ የተጻፉባት አገር ተማሪ ግን እነሱን ለማየት ጀርመን ድረስ መሄድ ነበረበት። የሩፔል ስም ሲነሳ የሳይንስ ውለታው ብቻ ተነግሮ ይህ ሊዘለል አይገባም።

ዋልያና ናፖሊዮን በአንድ መጽሐፍ

ሩፔል ከዚህ ጉዞ ያገኛቸውን አዳዲስ እንስሳት ከ1835 እስከ 1840 ባለው ጊዜ ውስጥ በክፍል በክፍል አሳተመ። የመጽሐፉ ርእስ የአቢሲኒያ እንስሳት የሚል ነው፤ ውስጡ ግን የቀይ ባሕር ዓሦችም አሉበት። ለሩፔል ደጋውና ባሕሩ ሁለት አገር አልነበሩም፤ ከስሜን ጫፍ እስከ ኮራሉ ድረስ ያለው አንድ ጉዞ፣ አንድ ጥናት ነበር።

ከደጋው በኩል ዋልያ አለ፤ ሳይንሳዊ ስሙ ካፕራ ዋሊ የተወሰደው በቀጥታ ከአገሬው ቃል ነው። ጭላዳም እንዲሁ ጌላዳ ተብሎ ተመዘገበ፤ ቃሉ በጀርመናዊ ጆሮ ሲያልፍ ትንሽ ተጣመመ እንጂ ያው የአገሩ ስም ነው። ቀይ ቀበሮ ከስሜን ስለተገኘ ካኒስ ሲሜንሲስ ተባለ። ወፍራም መንቁር ያለው የደጋ ቁራና ነጭ አንገት ያለው የደጋ እርግብም በሩፔል የተሰየሙ ናቸው፤ አንዱን ቆቅ ደግሞ ለረዳቱ ለኤርክል መታሰቢያ አደረገው።

ከባሕሩ በኩል ያለው ዝርዝር ጠላቂን የሚያስደንቅ ነው። በ1835 ኬይሊነስ ኡንዱላተስ የሚል ስም ያወጣለት ዓሣ ዛሬ በዓለም ጠላቂዎች ዘንድ ናፖሊዮን የሚባለው ነው። ግንባሩ ላይ ያለው ጉብታ የንጉሠ ነገሥቱን ባርኔጣ ስለሚመስል ነው እንዲህ የተባለው፤ ሩፔል ግን ያተኮረው ፊቱ ላይ ባሉት እንደ ማዕበል የሚጠማዘዙ መስመሮች ላይ ነው። ናፖሊዮን ከ2 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ክብደቱም ከ180 ኪሎ ግራም ሊበልጥ ይችላል፤ ከ30 ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ይኖራል። ወደ ጠላቂ ቀርቦ በዓይኑ እያገላበጠ የመመልከት ልማድ አለው። ኮራልን የሚበላውን ባለ እሾህ የባሕር ኮከብ ስለሚመገብ ለኮራሉ ጠባቂ ነው። ዘግይቶ የሚራባ፣ ሥጋውም በሩቅ ምሥራቅ ምግብ ቤቶች በውድ የሚሸጥ በመሆኑ ቁጥሩ በብዙ ቦታ አሽቆልቁሏል፤ ከ2004 ጀምሮ ለመጥፋት ከተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ገብቶ ዓለም አቀፍ ንግዱም በቁጥጥር ሥር ውሏል። በዚሁ በአንድ መጽሐፍ የተሰየመው ዋልያም ዛሬ የቀረው በስሜን ተራሮች ብቻ ነው።

በ1837 ደግሞ ሁለት ሻርኮች ተከተሉ። ካርካርሂነስ አልቢማርጊናተስ የክንፎቹ ጠርዝ ብር መሳይ ነጭ የሆነ ትልቅ ሻርክ ነው። ሁለተኛው ትሪኖዶን ኦቤሰስ ቀን ቀን በኮራል ዋሻ ውስጥ ወለሉ ላይ ተጋድሞ የሚያርፍ፣ ሌሊት የሚያድን ባለ ነጭ ጫፍ ሻርክ ነው። ኦቤሰስ ወፍራም ማለት ነው፤ ሻርኩ ግን ቀጭንና ተጣጣፊ ነው። ሳይንሳዊ ስም ትርጉሙ ስላልገጠመ ብቻ ስለማይሻር ቀጭኑ ሻርክ እስከ ዛሬ ወፍራም እየተባለ ይኖራል።

ዱጎንግና ደብተራ ኦሪት

ሩፔል በ1834 ባሳተመው ጽሑፍ የቀይ ባሕሩን ዱጎንግ ገልጿል። ዱጎንግ ዓሣ አይደለም፤ እስከ 3 ሜትር የሚረዝም፣ ልጁን ጡት የሚያጠባ፣ በጥልቀት በሌለው ባሕር ወለል ላይ እንደ ከብት ሣር የሚግጥ እንስሳ ነው። ሩፔል የሰጠው ስም ሃሊኮሬ ታበርናኩሊ የሚል ሲሆን ታበርናኩሊ የድንኳኑ ማለት ነው። ድንኳኑም ሙሴ በሲና በረሃ የሠራው ደብተራ ኦሪት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኦሪት ዘፀአት የድንኳኑ የላይኛ መደረቢያ ከምን ቁርበት እንደተሠራ የሚናገረው የዕብራይስጥ ቃል የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ለዘመናት ሲያከራክር የኖረ ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የአቆስጣ ቁርበት ይለዋል። ሩፔል ይህ ቁርበት የዱጎንግ ሊሆን ይገባል ብሎ አሰበ፤ እንስሳው በሲና ዙሪያ ባለው ባሕር ይኖራል፣ ቆዳውም ወፍራምና ጠንካራ ነው። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። በሳይንስ በኩል ግን የቀይ ባሕሩ ዱጎንግ በሕንድ ውቅያኖስ ካለው የተለየ ዝርያ ስላልሆነ ሩፔል ያወጣው ስም አልጸናም፤ እንስሳው ቀድሞ በተሰጠው ስም ይጠራል። ከሩፔል ስሞች ሁሉ ታሪክ ያለው ይህ የወደቀው ስም ነው ማለት ይቻላል።

የጣና ዓሦችና የሐዋሳ ሐይቅ

ሩፔል ወደ ጣና ሲደርስም ዓሣ ፈላጊነቱ አልተወውም። ከሐይቁ የባርበስ ወገን የሆኑ ብዙ ዓሦችን ሰብስቦ በ1835 አካባቢ እንደ ተለያዩ ዝርያዎች መዘገባቸው። ጋራ ዴምቤንሲስ የሚለው ስም ከደምቢያ የመጣ ነው። ይህ የሩፔል አከፋፈል ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1973 በአንድ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ውድቅ ተደረገ፤ የጣና ባርበሶች በአብዛኛው መልካቸውን የሚለዋውጥ አንድ ዝርያ ናቸው ተባለ። በ1990ዎቹ ግን ሐይቁ ላይ ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር የሠሩ የሆላንድ ተመራማሪዎች ልዩነቱ እውነተኛ መሆኑን አሳዩ፤ የሩፔልም ስሞች ተመለሱ። ዛሬ ጣና ብዙ የባርበስ ዝርያዎችን አንድ ላይ በመያዙ በዓለም የታወቀ ሐይቅ ነው።

ከእነዚህ አንዱ ላቤኦባርበስ ኢንተርሚዲየስ ከጣና ውጭም በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ይኖራል። በሐዋሳ ሐይቅ ከሚገኙት ስድስት የዓሣ ዝርያዎች ሁለቱ፣ ይህ ባርበስና ጋራ ኳድሪማኩላታ የተባለው ትንሽ ዓሣ፣ ስማቸውን ያገኙት ከሩፔል ነው፤ ምንም እንኳ የእሱ መንገድ የሰሜኑ ቢሆንና ወደ ሐዋሳ አገር መጥቶ ባያውቅም። በአሞራ ገደል ገበያ ወይም በፒያሳ ምግብ ቤቶች በብዛት የሚቀርበው ግን ቆሮሶ ነው። ቆሮሶን የሰየመው ካርል ሊኒየስ በ1758 ስለሆነ ፒያሳ ቁጭ ብሎ ጥብሱን የሚያዝ ሰው የሩፔል ዓሣ የሚደርሰው እንደ ዕድሉ ነው።

የኋላ ዘመን

በ1839 የለንደን ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር ለሩፔል የወርቅ ሜዳሊያ ሰጠው፤ ከእንግሊዝ ዜጎች ውጭ ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ነው። ስለ ኢትዮጵያ ጉዞው የጻፈው ባለ ሁለት ጥራዝ መጽሐፍ ከ1838 እስከ 1840 ታተመ። በ1845 ደግሞ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን ወፎች ዝርዝር አወጣ፤ ሥዕሎቹን የሠራው ያኔ ገና ወጣት የነበረው፣ ኋላ በለንደን ከዘመኑ የእንስሳት ሠዓሊዎች ሁሉ የላቀ የተባለው ዮሴፍ ቮልፍ ነው። በዚሁ ሥራ ሰማያዊ ክንፍ ያለው የኢትዮጵያ ዝይ ስሙን አገኘ።

ሩፔል ጠባዩ ቀላል ሰው አልነበረም። ሀብቱንና ጉልበቱን ከሰጠው ማኅበር ሰዎች ጋር ተቃቅሮ ቀስ በቀስ ከእንስሳት ጥናት ራቀ፤ በኋለኛው ዕድሜው ጊዜውን የወሰደው የጥንታዊ ሳንቲሞች ጥናት ነው። ዕድሜው ረጅም ስለነበር ብዙ ነገር ሲለወጥ አየ፤ የስዊዝ ቦይ ተቆፍሮ የእሱ ባሕር ከሜዲትራኒያን ጋር ሲገናኝም በሕይወት ነበር። በዲሴምበር 10 ቀን 1884 በተወለደባት ፍራንክፈርት በ90 ዓመቱ ሞተ። ከሁለት ወር በኋላ ጣሊያን ምጽዋን ያዘች።

ጠላቂዎቹ ከመጡ በኋላ

በቀይ ባሕር ኮራሎች ውስጥ ሰው በአየር መሣሪያ መጥለቅ የጀመረው ሩፔል ከሞተ ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ኦስትሪያዊው ሃንስ ሃስ በ1949ና በ1950 በፖርት ሱዳን ጠለቀ፤ የኩስቶ መርከብ ካሊፕሶ በ1951 መጨረሻ ወደ ቀይ ባሕር ተጓዘች። በ1952 ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደች ወራት በብሩኖ ቫይላቲ የሚመራ የጣሊያን ቡድን ወደ ዳህላክ መጥቶ እስከ 1953 ሠራ፤ ፎልኮ ኩዊሊቺ እዚያ የቀረጸው «ስድስተኛው አህጉር» የተሰኘ ፊልም በ1954 ለሕዝብ ቀረበ። በቀለም ከተሠሩ የመጀመሪያዎቹ ረጅም የባሕር ውስጥ ፊልሞች አንዱ ነው። ሩፔል ከጀልባ ወርደው ያያቸውን ዓሦች እነዚህ ሰዎች በቤታቸው ውስጥ አዩዋቸው። ዳህላክና ምጽዋ ዛሬ የኤርትራ ናቸው፤ ከኢትዮጵያ ተነስቶ የሩፔልን ዓሦች ማየት የሚፈልግ ሰው የሚያልፈው በጎረቤት አገሮች የባሕር ዳርቻ ነው።

የሩፔል ስም ራሱ በብዙ እንስሳት ላይ ቀርቷል፤ በሳይንስ ልማድ አንድ ሰው በራሱ ስም እንስሳ ስለማይሰይም እነዚህን ያወጡለት ሌሎች ናቸው። የሩፔል ቀበሮ በበረሃ ይኖራል። አልፍሬድ ብሬም በ1852 የሰየመው የሩፔል አሞራ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የተለመደ ነው፤ በ1973 አይቮሪ ኮስት ላይ ከነዚህ አሞራዎች አንዱ በ11,300 ሜትር ከፍታ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ከወፎች ሁሉ ከፍ ብሎ የበረረው ተብሎ ተመዝግቧል። በባሕሩ በኩል ደግሞ በቁሰይር ሐኪም የነበረው ካርል ክሉንዚንገር በ1871 ታላሶማ ሩፔሊ የሚል ስም የሰጠው ዓሣ አለ፤ አረንጓዴ ገላው ላይ ቀያይ መስመሮች ያሉት፣ ከጠላቂዎች ፊት ፈጥኖ የሚሮጥ፣ ከቀይ ባሕር ውጭ የማይገኝ ትንሽ ዓሣ ነው።